የእሜቴ ላባ

መስከረም 28

ለአጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ጆሮዎ፣ ያ አልገዛም ያለ እጅዎ እንዴት ነው? ልጅዎና አማችዎስ? አሮጊቷ ንስርዎ እሜቴስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። የቆሰሉ ወፎች የምናስታምምበት ቤትም አስረክበውኝ እንደሄዱት ቆሟል፤ አንድ ጎኑ ብቻ ትንሽ ጎብጧል።

“ምድር ዋጠችሽ ወይ?” ብለው እስኪጽፉልኝ ድረስ ስለጠፋሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንግዳ ይዤ ነው። ከካባው ድንጋይ የሚያመላልሰው ሾፌር በጃኬቱ ጠቅልሎ ያመጣት ትልቅ ሴት ንስር ናት። የመብራት ሽቦ መትቷት የቀኝ ክንፏ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ጃኬቱን ይዞ፣ ያለ ጓንት እዚህ ድረስ ነዳ። አውራ ጣቱ ላይ የተወችለትን ጠባሳ እስከ ዛሬ ላገኘው ሰው ሁሉ ያሳያል።

ስም አላወጣሁላትም። ስም ያወጣሽለትን ወፍ ለመልቀቅ እጅሽ ያጥርብሻል ያሉኝን አልረሳሁም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እሷንም “እንግዳዋ” ነው የምላት። አጥንቱ ጥሩ አድርጎ ገጥሟል፤ ራጁን ያየው ሐኪምም ከዚህ በላይ አይጠበቅም ብሏል። በመብረሪያው ረጅም ክፍል ስለቃት ግን ሁለት ጊዜ አርገብግባ ወለሉ ላይ ወደቀች። ላባዎቿ ተሰባብረዋል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ባሏ ከካባው ማዶ ያለውን ገደል አልለቀቀም። ጠዋት ጠዋት ብቻውን ሲያንዣብብ አየዋለሁ። ጎጆ የሚሠሩበት ወቅት ሳይገባ ወደ እሱ ልመልሳት ቆርጫለሁ። ያ ካለፈ ሌላ ሴት ትመጣና ቦታዋን ትይዝባታለች።

የወንድምዎ ልጅ

ጥቅምት 10

ለእልኸኛዋ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መልሱን ለመጻፍ ከቁርስ እስከ ምሳ ስለሚፈጅብኝ ፊደሉ ቢጣመም አትታዘቢኝ። በስልክ ብንነጋገርስ ላልሽው፣ አይሆንም። ጆሮዬ ስልክ ላይ እምቢ ብሏል። አንቺ አንድ ነገር ስትነግሪኝ እኔ ሌላ እየመለስኩ የልጄ መሳቂያ አልሆንም።

እሜቴ ከእኔ ትሻላለች። ጫጩት ሆና ጎጆዋ ውስጥ ወንድሟ አንድ ዓይኗን ካጠፋባት ጀምሮ፣ በቀረው ዓይኗ ሰውን መታዘብ ሥራዋ ነው። እዚህ ከተማ ሳመጣት ልጄ “አባዬ፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ ድመት ይዞ ይመጣል” ብላኝ ነበር። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ “እሜቴ፣ እንደምን አደርሽ” ሳትላት ሥራ አትሄድም። ባለፈው ሳምንት እሜቴ የአማቼን አንድ ካልሲ ከማስጫው ገመድ አውርዳ በጥፍሯ ይዛ አልመልስም አለች። አማቼ ቆሞ ለመናት። እምቢ ስትለው ሌላኛውንም አመጣላት። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንዱን ለብቻው ምን አደርገዋለሁ አለኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። “ላባዎቿ ተሰባብረዋል” ብለሽ ዝናብ ዘነበ እንደሚባለው በአንድ መስመር አልፈሽዋል። ላባ በራሱ አይሰባበርም። የመብራት ሽቦ የመታት ወፍ ከአንድ ወገን ሁለት ወይ ሦስት ሊሰበርባት ይችላል። አንቺ ግን የትኛው ክንፍ እንደሆነ እንኳ አልጻፍሽም፤ ሁለቱም ነው ማለት ነው። የሁለቱም ክንፍ ላባ የሚሰበረው ቤት ውስጥ ነው። የት ነው ያስቀመጥሻት? አሳድጌሻለሁ፣ አውቅሻለሁ። ነገር ስትደብቂ አጭር ትጽፊያለሽ።

አጎትሽ

ጥቅምት 21

ለአጎቴ፣

የዶሮ ሽቦ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት። ይኸው፣ አልኩት።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት። እንግዳዋ በመጣች በሳምንቷ ንፋስ የቀርከሃውን ክፍል ጣሪያ ወሰደው። የነበረኝ ባዶ ቦታ የድሮው የዶሮ ቤት ብቻ ነበር። ጣሪያው እስኪሠራ ለጥቂት ቀን ብዬ አስገባኋት። አናጺው ነገ እመጣለሁ እያለ ጥቂቱ ቀን ወር አለፈው። የካባው መኪና ባለፈ ቁጥር ትደነግጥና ክንፏን ከሽቦው ጋር ታጋጫለች። እኔ ዓይኔ አጥንቱ ላይ ነበር። በየቀኑ አጥንቱን እየዳበስኩ ደስ ሲለኝ፣ የላባዎቿ ጫፍ በሽቦው ቀዳዳ እየገባ አንድ በአንድ ይቀነጠስ ነበር። ወለሉ ላይ ቁራጭ ባየሁ ጊዜም የሚረግፍ ላባ ነው ብዬ ጠረግኩት።

እዚህ ቤት የገባሁ ቀን መጀመሪያ ያሳዩኝ ነገር እኮ ነው። ንስር የቆመ ቀርከሃ እንጂ ሽቦ አይቀርባትም ብለው፣ መዳፌን በቀርከሃው ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ ያስሄዱልኝን አስታውሳለሁ። በራሴ እንዲህ በግኜ አላውቅም።

ግን ቁጭ ብዬ አላለቅስም። ላባ እቀጥልላታለሁ። ያን ጊዜ ለጭልፊቱ ሲሠሩለት ፋኖሱን ይዤልዎት አልነበር? የላባ አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፤ የተሰበረው ጉቶ ውስጥ የቀርከሃ ስንጥር ይገባል፣ በላዩ የሌላ ወፍ ላባ ይሰካል፣ ይጣበቃል። የሚያስፈልገኝ ከቀኝ ስድስት፣ ከግራ አራት ነው። የእሜቴ ዘር ከእንግዳዋ ጋር አንድ ነው፣ እሷም ሴት ናት፣ ልኳም ይመጣል። ስታረግፍ ያስቀመጡላት ላባ ካለ ይላኩልኝ።

አናጺውን አሁን ደጁ ላይ ተቀምጬ አሠራሁት። ጣሪያው አልቋል።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 3

ለእልኸኛዋ፣

አልቆጣሽም። በግኛለሁ ብለሻል፤ ለአንድ ጥፋት ሁለት ሰው መብገን የለበትም።

በጥቅሉ ውስጥ ሦስት ላባ አለ፤ ሦስቱም የቀኝ ናቸው። ከዚህ የበለጠ ነበረኝ። ልጄ ቤት ስታጸዳ ከፊሉን ጥላዋለች። አንዱን ደግሞ አማቼ የመኪናው ውስጥ አቧራ ማራገፊያ አድርጎት አገኘሁት፤ ተሸራርፎ ስለነበር ተውኩለት።

አሠራሩን ልንገርሽ፣ ፋኖስ የያዘ ሰው ሁሉን አያይም። ስንጥሩን ክብ አታድርጊው፤ ክብ ከሆነ ላባው ይሽከረከርባታል። ሦስት ማዕዘን አድርገሽ ፋቂው። የምትሰኪውን ላባ ከጉቶው አጠገብ ከቀረው ጋር ለክተሽ ቁረጪ። የግራውን ለቀኝ፣ ሦስተኛውን ለአራተኛ አትሞክሪ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው። ማጣበቂያው ጠብታ ይበቃዋል። ከበዛ ፈስሶ የላባውን ጸጉር ያያይዘዋል፣ ያ ላባ አበቃለት ማለት ነው።

የቀረውን ለማግኘት መጠበቅ ነው። እንደምታውቂው ንስር ታላላቅ ላባዋን አንድ በአንድ እያለች በዓመታት ነው የምትለውጠው። ሁሉን በአንዴ ብታረግፍ በምን ትበራለች? እሜቴ ዘንድሮ የጣለችው አንድ ብቻ ነው። እንግዳሽም የራሷን እስክታበቅል ሁለት ዓመት ይወስድባታል። ታገሺ።

አጎትሽ

ኅዳር 16

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎም፣ እሱን ተከትሎ የመጣው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። በቁራጩ ወረቀት ለጠየቁኝ መልሴ አይሆንም ነው። የእሜቴ ላባ እንዳይቆረጥ። አዎ፣ እሜቴ እንደማትበር አውቃለሁ፣ ቢቆረጥ እንደማያማትም አውቃለሁ። ግን በአንድ ዓይን፣ በዚያ ዕድሜ፣ መቆሚያዋ ላይ ሚዛኗን የምትጠብቀው በክንፏ ነው። ብርድ ሲመጣም የምትለብሰው እሱን ነው። አንዷን ለማንሳት ሌላዋን አልጥልም። ይህን ነገር ደግመው እንዳያነሱብኝ።

ታገሺ ላሉኝ ደግሞ፣ ለራሴ ቢሆን እታገስ ነበር። እንግዳዋ ሁለት ዓመት የላትም። ሳትበር ቆማ ስለምትውል ውስጥ እግሯ ላይ ቁስል ጀምሯታል። መቆሚያዋን በምንጣፍ ጠቀለልኩት፣ በየቀኑ አጥባለሁ፣ ቅባት አደርጋለሁ፤ ፍጥነቱን ቀነስኩት እንጂ አላቆምኩትም። ባለፈው ማክሰኞ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪው መጥቶ እግሯን አየ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልበረረች ወደ አራዊት ማሳያው ትሄዳለች ብሏል። “እዚህ ከምትበሰብስ እዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ሐኪም አላት” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እውነቱን መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። ለዕድሜ ልክ ከሽቦ ኋላ እንድትቆም አይደለም አጥንቷን የገጠምኩት።

ከላኩልኝ ሦስቱ ሁለቱ ተሰክተዋል። አንዱን አበላሸሁት፤ ጠብታ ያሉኝ ሁለት ጠብታ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ ዳር ያለውን ሰዓት ሠሪ ለመንኩት። ዓይኑ ላይ የሚሰካት አጉሊ መነጽርና ቀጭን መቆንጠጫዎች አሉት። እርግብ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው፤ ግን ዓይኗ ከተሸፈነና አንቺ ከያዝሻት እመጣለሁ ብሏል።

አሁን የጎደለኝ ላባ ብቻ ነው። ለአራዊት ማሳያውም፣ ለቤተ መዘክሩም፣ እንዲህ ዓይነት ወፍ አለው ለተባለ ሁሉ ጽፌያለሁ። እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም። ነገም እጽፋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 2

ለእልኸኛዋ፣

ሳጥኑን ቀስ ብለሽ ክፈቺው። የሁለቱም ክንፍ ነው፣ ሁሉም በተራው ነው። ቀይ ክር የቀኝ፣ ነጭ ክር የግራ። የእሜቴ ላባ ዘንድሮ በብዛት ረገፈ። ደህና ናት።

በአንድ ቀን ጨርሺው። ስትሠሩ ማንም እንዳይናገር፤ ትደነግጣለች።

ሳትበር መልስ አትጻፊልኝ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 29

ለአጎቴ፣

በራለች። ስለዚህ መጻፍ ተፈቅዶልኛል።

መጀመሪያ ግን ስለ ሳጥኑ። ክዳኑን ሳነሳ ሃያውም ተደርድረው አየኋቸው፤ ዐሥሩ በቀይ፣ ዐሥሩ በነጭ። አንዱን አንስቼ ሥሩን አየሁ። ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ስልዎት እንዴት ቆረጡት ብዬ እቆጣዎት ነበር። አልተቆረጠም። ሁሉም እስከ ሥራቸው ሙሉ ናቸው። ሃያ ላባ በአንዴ የምታረግፍ ንስር እንደሌለች የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። በሕይወት ካለች ወፍ ላባ እንደማይነቀልም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ነገር ስትደብቂ አጭር ትጽፊያለሽ ብለውኝም ነበር። ያንን ወረቀት ገልብጬ ሳይ ከኋላው ምንም የለም፤ ስለ አማችዎ ካልሲ እንኳ አንድ ቃል የለም።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እዚህ ቤት ስገባ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ከእርስዎ ቀጥሎ የተዋወቅኳት እሷን ነው። እጄ ላይ የመጀመሪያዋን ሥጋ የወሰደችው እሷ ናት። ከዚያ ተነሣሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሰዓት ሠሪውን ጠራሁት።

እንዳሉኝ በአንድ ቀን ጨረስን። ሾፌሩ ካባው ላይ ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ እግሯን ያዘ፣ በዚህ ጊዜ በጓንት። እኔ ክንፏን ዘርግቼ ይዤ በዓይኔ ብቻ አዝዛለሁ። ሰዓት ሠሪው ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ስንጥሩን ይሰካል። መሃል ላይ አንዴ ስትንቀሳቀስ መነጽሩ ወድቆ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ሦስታችንም መሳቅም መናገርም ስለማንችል በአፍንጫችን ተነፈስን። ስምንቱ ላባ ተሰክተው ሲያልቁ ከሌሎቹ ጋር እኩል ቆሙ። ሰዓት ሠሪው ደጅ ወጥቶ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ ብዙ ቆየ።

ተቆጣጣሪው በረጅሙ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ስትሄድና ስትመለስ ቆሞ አያት። የመውሰጃውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተውና “እንግዲህ በሉ” ብሎ ሄደ። በማግስቱ የካባው አፋፍ ላይ ለቀቅናት። ስለ እሱ ብዙ ልጽፍልዎት አልችልም፤ እርስዎም ብዙ ጊዜ ስላደረጉት ያውቁታል። አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎት። የእንግዳዋ ላባ ጥቁር ነው፣ የእሜቴ በዕድሜ ገርጥቶ ቡናማ ሆኗል። ክንፏን ዘርግታ ከራሳችን በላይ ስትዞር፣ ከታች ሆኜ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቼ መቁጠር እችል ነበር። አንድ ቀን እንኳ በርራ የማታውቀው እሜቴ እዚያ ላይ ነበረች።

አሁን ይንገሩኝ። መቼ ሆነ? ብቻዎን ነበሩ ወይ? ለምን አልነገሩኝም?

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 9

ለእልኸኛዋ፣

ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው። መብላት ትታ ነበር፤ ያቺ ሆዳም ሥጋ ስትመልስ ገባኝ። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ስወጣ ከመቆሚያዋ ወርዳ ፀሐይ የሚመታው ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ወንበር አወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጄ ሥራ ሳትሄድ ቀረች። ብቻዬን አልነበርኩም።

ለምን አልነገሩኝም ላልሽው፣ ብነግርሽ ወዲያው አውቶቡስ ትሳፈሪ ነበር። መምጫው ሁለት ቀን፣ መመለሻው ሁለት ቀን፣ እኔን ማጽናኛው ደግሞ ሳምንት። የእንግዳሽን እግር ማን ያጥብልሻል? ባትመጪም እንኳ እያለቀስሽ ስንጥር ትፍቂ ነበር። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይበቃል። አልሸወድሽም እንጂ ልሸውድሽ ሞክሬ ነበር። እንኳንም አልሆነልኝ፤ ሳጥኑን ከፍተሽ ሳይገባሽ ቢቀር ኖሮ ምን አስተማርኳት ብዬ አዝን ነበር።

ላባዎቹን የነቀልኩት እኔ አይደለሁም። ሞከርኩ፣ ጣቴ አልያዘልኝም። አማቼ ነው እጅጌውን ሰብስቦ የተቀመጠው። ሕይወቱን ሙሉ ዶሮ እንኳ አልነካም። እኔ ተራውን እየነገርኩት፣ እሱ አንድ በአንድ እያወጣ፣ ልጄ ክሩን እያሰረች ጨረስነው። አንዱም አልተሰበረም። ከዚያ አማቼ ከሕንፃው ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ቀበራት። ተመልሶ ሲገባ ባዶ እግሩን ነበር። ጠየቅኩት። በእግሬ የነበሩትንም ካልሲዎች አብሬያት አደረግኳቸው አለኝ።

እሜቴን ሳጣ አለቀስኩ፤ ይህን ሲነግረኝ ደግሞ እንደገና አለቀስኩ። አሁን ደህና ነኝ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ባሏ ተቀበላት ወይ? ይህን ሳትነግሪኝ እንዴት ደብዳቤ ትዘጊያለሽ?

አጎትሽ

የካቲት 14፣ በዓመቱ

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? አዲሱ መነጽርዎ ተስማማዎት ወይ? አማችዎን አጥብቀው ሰላም ይበሉልኝ። የላክሁለት ካልሲ ልኩ ካልሆነ ይንገረኝ።

ፈለፈሉ ወይ እያሉ በየደብዳቤው ለሚጠይቁኝ ጥያቄ ዛሬ በእርግጠኝነት መልስ አለኝ። ባሏ የተቀበላት በዚያው ሰሞን እንደሆነ ያን ጊዜ ጽፌልዎት ነበር። ዐምና ጎጆውን አደሱት እንጂ አልፈለፈሉም። ዘንድሮ ግን አንድ ጫጩት አላቸው። ያየው ሾፌሩ ነው፤ መኪናውን ካባው መሃል አቁሞ፣ ከኋላው የቆሙት መኪኖች ሁሉ ጥሩምባ እየነፉበት፣ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። እኔም ወጥቼ አየሁ። ነጭ፣ ሁሌ የራበው ነገር ነው።

እንግዳዋ እዚህ በቆየችበት ክፍል አሁን ሌላ አለ፤ መኪና የገጨው ጭልፊት። የቀርከሃው ጣሪያ በብረት ታስሯል። የዶሮ ሽቦውን ግን በገዛ እጄ ነቅዬ ለጎረቤታችን ዶሮዎች ሰጠሁ።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንድ ላባ አለ። ትናንት ከገደሉ ሥር ነው ያገኘሁት። አብዛኛው ገርጣ ያለ ቡናማ ነው፣ ሥሩ አጠገብ ያለው ግን ጥቁር ነው። ሁለቱ ከሚገናኙበት ላይ አገዳውን በጣትዎ ቢዳብሱት መገጣጠሚያው ይሰማዎታል፤ የሰዓት ሠሪው ስንጥር ውስጡ አለ። የቀኝ ክንፍ አራተኛው ነው፣ ቀይ ክር ካሰሩባቸው አንዱ። እንግዳዋን ቀና ብዬ ሳያት በእሱ ቦታ የራሷ ጥቁር ላባ ወጥቷል፤ ሌሎቹ የእሜቴ ላባዎች ገና ክንፏ ላይ ናቸው፣ በተራቸው ይመጣሉ። ባገኘሁ ቁጥር እልክልዎታለሁ።

ያን ጊዜ የእሜቴ ላባ ረገፈ ብለው ዋሽተውኝ ነበር። ይህኛው እውነትም ረግፎ ነው።

የወንድምዎ ልጅ